ሁለት ኪሎ ቅቤ

አክስቴ የላከችኝ ቅቤ እንዳደርስ ነው። ሁለት ኪሎ የገጠር ቅቤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከላዩ አንድ ፌስታል ቡላ፣ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ። ጠዋት ተነስተው ከሰዓት የሚመለሱበት መንገድ ነው። እኔ ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ቅቤ ጠጥቶ፣ መጽሐፍ ቅዱሴ ከዳር እስከ ዳር እያብለጨለጨ፣ ከሰው ደጃፍ ቆሜ ተገኘሁ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ፤ ቡናው ገና አልፈላም።

አክስቴ የምትኖረው ጎፈር ሜዳ ነው። ቅቤው የተላከላቸው እናት ደግሞ የልጅነት ጓደኛዋ ናቸው። አብረው እንሰት የፋቁ፣ አብረው መዘምራን የነበሩ፣ በኋላ አንዷ ሆሳዕና አንዷ ከዱራሜ ወጣ ብሎ በሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ ያገቡ። የእኚህ እናት አንድ ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሳውዝ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወጣ። በሬ ተሸጠ፣ ከዘመድ ተበደሩ፣ ደላላ ተከፈለው። አንድ ቀን ከማላዊ ድንበር አካባቢ ደወለና «እማ፣ ነገ እንሻገራለን» አለ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልነጋም።

በሀዲያና በከምባታ ከተሞች «ሳውዝ» የሚለው ቃል ስንት ነገር እንደሚሸከም ለአገሬ ሰው ማስረዳት አይገባኝም። አዲስ ፎቅ ሲቆም «የማን ነው?» ብትሉ ብዙውን ጊዜ መልሱ ከጆሃንስበርግ ይመጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከውጭ የመጣ አንድ ሰባኪ ሆሳዕና ላይ ቆሞ በደቡብ በኩል በር እንደሚከፈት ተነበየ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል፤ ያንን ቃል ይዞ የወጣ ወጣት ብዙ ነው። በር የተከፈተላቸው አሉ፤ ቤተሰብ አቁመዋል፣ ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። ያልተከፈተላቸውም አሉ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባል ስፍራ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ሲገኙ፣ እዚህ እኛ ጋ ስልኩን ጆሮው ላይ ደግኖ ያላደረ ቤት ጥቂት ነበር።

የእኚህ እናት ሐዘን ግን ከዚህም የከበደ መሰለኝ፤ ሐዘን ነው ለማለት እንኳ የሚያበቃ ነገር አጥቷልና። አስከሬን ስለሌለ ድንኳን አይተከልም፣ ዕድር አይጠራም፣ ሰው መጥቶ «ያጥናዎት» አይልም። ስልክም ስለሌለ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ሦስት ዓመት ሙሉ መሃል ላይ መቆም ነው።

አክስቴ ይህን ስለምታውቅ፣ እኔንም ስለምታውቅ፣ ቅቤውን ስታስረክበኝ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አንተ ልጅ፣ ቅቤውን ስጣት፣ ቡናዋን ጠጣ፣ ና። አትስበክ» አለችኝ።

«እሺ እቴቴ» አልኩ። አፌ እሺ ሲል ልቤ ግን ሌላ ጋ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የረቡዕ ማታ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሰው «ለምን?» ሲል ዝም ማለት አልችልበትም። ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ በሁለት ገጽ ወረቀት፣ በእስክሪብቶ፣ እግዚአብሔር ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ አምስት ነጥብ ጻፍኩ። ለሦስት ዓመት ያላንቀላፉ እናት በአምስት ነጥብ እንዲያርፉ ፈልጌ ነው። ከልቤ ነው የጻፍኩት፤ ያን ያህል ከልቤ ባይሆን ኖሮ የአክስቴን ቃል እሰማ ነበር።

አንደኛው ነጥብ የእግዚአብሔር ሐሳብ ከእኛ ሐሳብ የሰማይን ያህል የራቀ መሆኑ ነበር። ሁለተኛው ዮሴፍ፣ ከጉድጓድ እስከ ፈርዖን አደባባይ። ሦስተኛው የገዛ አገራችን ታሪክ ሲሆን በጣም የምወደው እሱን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቻቸው የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽንን ሥራ ሊጀምሩ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ሐሳባቸው ጅማ ነበር። በ1928 በበቅሎ ወደ ደቡብ ተነስተው ጅማ ሳይደርሱ ቀሩ፤ ሥራው የተተከለው እዚሁ ሆሳዕና፣ ወላይታ ሶዶና ሲዳማ ላይ ሆነ። የዛሬዋ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ካልታሰበ መንገድ በቀለች። ጣሊያን በ1937 የመጨረሻዎቹን ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲያስወጣ በዚያ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ፤ ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። አራተኛው ንግሥት እሌኒ ነበረች፤ የሀዲያው ገራድ ልጅ፣ በጋብቻ ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የሄደች፣ ኋላ በእርጅናዋ አገር የመራች፣ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከች። ሆስፒታላችን በስሟ የሚጠራው ለዚህ ነው። አምስተኛው ማጠቃለያ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ለበጎ ነው።

ወረቀቱን አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ፣ ኢዮብ ላይ አስገባሁት። መጽሐፍ ቅዱሱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቅቤውንም ከእሱው ጋር።

ጠዋት መናኸሪያ ስገባ ነጥቦቼን በቃሌ እያጠናሁ ነበር። የሆሳዕናን መናኸሪያ ታውቁታላችሁ፤ ረዳቶቹ «ዱራሜ! ዱራሜ! ሶዶ! አረካ! ወራቤ!» ሲሉ ድምፃቸው ይደባለቃል። እኔ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ላምቢን ከበቅሎ እያወረድኩ ነበር። አንዱን ረዳት «ይሄዳል?» አልኩት። «ይሄዳል፣ ግባ! አንድ ሰው ነው የቀረው!» አለኝ። የት እንደሚሄድ እኔም አልጠየቅኩ፣ እሱም አልነገረኝ። የጠየቀ አይስትም ይላሉ፤ እኔ ጠይቄ ነው የሳትኩት፤ የጠየቅኩት ግን ግማሹን ብቻ ነው።

የተረፈው ቦታ ጋቢና፣ ሞተሩ ላይ ነበር። ቦርሳዬን በእግሮቼ መሃል አስቀመጥኩ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ሲያዩ የምጸልይ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መንገዱን ሙሉ እንዳልረበሽ ብለው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ተናግረው ቢሆን ኖሮ «ወዴት ነህ ልጄ?» ማለታቸው አይቀርም ነበር፣ ያኔም ነገሩ ሁሉ ይለወጥ ነበር። አክብሮታቸው ልቤን ስለነካው አራተኛውን ነጥብ ከመጀመሪያው የበለጠ ረጋ ብዬ አጠናሁት። ውጪውን አላየሁም። ከሆሳዕና ወጥቶ የማያውቅ ሰው አይደለሁም፤ ያንን መንገድ ከመቶ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ዓይኔ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር።

ሽማግሌው በመጨረሻ ጉልበቴን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ይቅርታ፣ ቦርሳህ እያለቀሰ ነው» አሉኝ።

ጎንበስ ብል እውነትም እያለቀሰ ነው። የሞተሩ ሙቀት ቅቤውን አቅልጦ፣ ኮባው ተከፍቶ፣ ቅቤው በቦርሳው ስፌት እየወጣ በሱሪዬ ላይ፣ ከዚያም በሽማግሌው ጫማ ላይ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሽታውን ሰምቶ ምራቁን ዋጠ። ሾፌሩ አቆመ። ወረድኩ። ብርዱ ፊቴን መታኝ፤ ጭጋግ ነው፤ ከመንገዱ ዳር በጎች ተኮልኩለዋል። ዱራሜ እንዲህ አይበርድም።

«የት ነን?» አልኩ።

«ዶዮገና» አለ ረዳቱ። «ዱራሜ ነበር የምሄደው» ስለው ትንሽ አሰበና፣ ሳይስቅ፣ «ዱራሜንማ ያለፍከው ሆሳዕና ሳትነሳ ነው» አለኝ።

አስቡት እንግዲህ። ጅማ ሊሄዱ ተነስተው ሶዶ የቀሩ ሰዎችን ታሪክ እያጠናሁ፣ ዱራሜ ሊሄድ ተነስቶ በሶዶ መኪና የተቀመጠው እኔ ነበርኩ።

መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት አየችኝና እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። በሱሪዬ ላይ አመድ ነሰነሰች፣ ከጓሮዋ አዲስ ኮባ ቆርጣ የተረፈውን ቅቤ እንደገና ጠቀለለችልኝ፣ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ገንዘብ አልተቀበለችኝም። እሷ ኮባውን ስታስር እኔ የቸኮልኩት ወደ ወረቀቱ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሁለቱን ለየብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን አንድ ላይ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥኩ። ቅቤው ከአስቴር እስከ መዝሙረ ዳዊት ዘልቋል። ወረቀቱ እንደ መስኮት ብርሃን ያሳልፋል፤ የፊቱ ጽሑፍ ከኋላው ጋር ተደርቦ፣ እስክሪብቶው ቀልጦ ሰማያዊ ደመና ሆኗል። ዮሴፍና እሌኒ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተዋል። «ሁሉም ለበጎ ነው» የምትለዋ መስመር ጨርሳ የለችም።

ከዚያ ዞሬ፣ ሁለት መኪናና አንድ ሞተር ሳይክል ቀያይሬ፣ የአንዱ መኪና ጎማ ተበስቶ ሲቀየር ቆሜ፣ ዱራሜ ስደርስ ጨልሟል። ሐምበሪቾ ከነ777 ደረጃው ጥቁር ሆኖ ቆሟል። በእጅ ስልኬ መብራት መንደሩን እየጠየቅኩ፣ ውሻ እየጮኸብኝ፣ ደጃፋቸው ደረስኩ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለመናገር ይከብደኛል።

በሩ አልተቆለፈም ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ለሦስት ዓመት ተቆልፎ አያውቅም። የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ ከውስጥ በባዶ እግራቸው ሮጠው ወጡ፤ በጨለማ የቆመ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት አዩ። የልጃቸውን ስም ጠሩ።

በሰዓቱ ብደርስ ኖሮ፣ ፀሐይ እያለ፣ ፊቴ እየታየ እደርስ ነበር። ወረቀት ባልጽፍ፣ መኪና ባልሳሳት፣ እኚያ እናት ያንን ስም በዚያ ድምፅ አይጠሩትም ነበር። እኔ አቋርጬ «አይደለሁም፣ እማማ፤ እኔ አይደለሁም» አልኩ። አምስት ነጥብ ይዤ ተነስቼ፣ ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ነው።

ቀርበው ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አዩኝ። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡት ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው እንደተቀመጡ ተጽፏል፤ ስህተታቸው አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው የጀመረው። እግዚአብሔር በመጨረሻ የተቆጣው «ለምን?» ብሎ በጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን መልስ በነበራቸው በእነሱ ላይ ነው። ይህን ክፍል ለስንት ረቡዕ አስተምሬዋለሁ። ደፉ ላይ ስቀመጥ ግን የወዳጆቹን ወንበር መያዜን አወቅኩ፤ ከሰባተኛው ቀን በኋላ ያለውን ንግግር ጽፌ ነበር የመጣሁት፤ ቅቤው ባይፈስ ኖሮ አነበው ነበር።

እማማ በመጨረሻ አየር ሳቡና «ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ» አሉኝ። እኔም ከአክስቴ ጀምሬ፣ መናኸሪያውን፣ ሽማግሌውን፣ ዶዮገናን ሁሉ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ብቻ አልነገርኳቸውም። እየሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ በጨለማ አልለየሁትም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ውስጥ አስገቡኝ፣ ውሃ አሞቁ፣ ሱሪዬን አስወልቀው ዘፈዘፉት፣ ከሳጥን ውስጥ የተጣጠፈ ሱሪ አውጥተው ሰጡኝ። የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ልኬ ነበር። የተረፈውን ቅቤ ቡላው ላይ አድርገው አብስለው አበሉኝ።

ከበላን በኋላ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ሰው ሁሉ ይመጣና ለምን እንደሆነ ይነግረኛል» አሉ። «አንዱ ኃጢአት ነው ይላል። አንዱ ፈተና ነው ይላል። አንዱ ለበጎ ነው ይላል። ሁሉም ይነግረኝና ተነስቶ ይሄዳል፤ እኔ እዚሁ እቀራለሁ።» አልተቆጡም፤ እንደ ጎረቤት ወሬ ነው ያወሩት። አንገቴን ደፋሁ።

ጠዋት ወደ ጓሯቸው ወሰዱኝ። ከእንሰቱ ረድፍ አንዱን አሳዩኝ፤ ልጃቸው ከመሄዱ በፊት የተከለው ነው፤ ዛሬ ከሰው በላይ ቆሟል። እንሰት ካደገበት ሁለት ሦስት ጊዜ ተነቅሎ፣ ሥሩ ተቆርጦ፣ ሌላ ቦታ እየተተከለ ነው ለምግብ የሚደርሰው፤ ዓመታት ይፈጃል። ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እጃቸውን ግንዱ ላይ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ይኼ ስንነቅለው ለምን እንደሆነ የነገረው የለም። ቢነገረውም አይገባውም። እኔም አልገባኝም፣ ልጄ። ደህና ነው አልልህም፤ ደህና አይደለም። የያዘኝን እጅ ግን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ወላጆቼ ሲሞቱ ይዞኛል፤ ባሌ ሲሞት ይዞኛል። እጁን ስለማውቀው ነው ሌሊት የምተኛው። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ አልተኛም፤ ያኔም እሱ እንደማይተኛ አውቃለሁ።»

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመሩም። ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ስመለስ በመኪናው መስኮት በኩል ውጪውን እያየሁ መጣሁ፤ የወረቀቴም ጉድለት የታየኝ ያኔ ነው። ታሪኮቼ ሁሉ እውነት ነበሩ፤ ግን ሁሉንም የነገርኩት ከመጨረሻው ተነስቼ ነው። 10,000ውን አውቄ ነው ስለ 48ቱ የጻፍኩት። እነዚያ 48 ሰዎች አስተማሪዎቻቸው ሲሄዱ ቆመው ሲያዩ፣ ኋላም በጣሊያን ዘመን ሲታሰሩና ሲገረፉ፣ 10,000 የሚባል ቁጥር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው የሚያምኑት ጌታ ብቻ ነው። እሌኒ አገር መራች ብዬ ጻፍኩ፤ እናቷ ግን ልጇ በተወሰደችበት ማታ፣ እዚህ ሀዲያ ምድር ላይ፣ ምን እንደበላች፣ በሯን ቆልፋ ይሁን ከፍታ እንዳደረች የጻፈ የለም። በዮሴፍም ቢሆን አባቱ ያዕቆብ ለስንት ዓመት በደም የተነከረ ቀሚስ ብቻ ይዞ ተቀምጧል። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ትርጓሜ ይበቃዋል። መሃል ላይ ለቆመ ሰው ትርጓሜ እንጀራ አይሆነውም፤ እሱ የሚያስፈልገው የያዘውን ማወቅ ነው፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰውም ነው። ምሳሌ 3፥5 በራስ ማስተዋል መደገፍን ሲከለክል፣ ማስተዋሌ ስለ እግዚአብሔር የጻፈውን ወረቀትም ይጨምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከተማዬ ስደርስ ስሟን እንደ አዲስ ሰማሁት። ድሮ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ሆሳዕና የተባለችው እንደሚነገረው ራስ አባተ ቧያለው በዕለተ ሆሳዕና ስለገቡባት ነው። ቃሉ «አሁን አድነን» ማለት ነው። ዘንባባ ይዘው ይህን የጮኹ ሰዎች በዚያው ሳምንት ዓርብ ምን እንደሚሆን አንዳቸውም አላወቁም፤ ደቀ መዛሙርቱ እንኳ ያን ጊዜ ነገሩ እንዳልገባቸው ዮሐንስ ጽፏል። ሳይገባቸው የጮኹትን ጩኸት ጌታ ተቀበለ እንጂ፣ መጀመሪያ ይግባችሁ አላለም። እኛ እንግዲህ አድራሻችንን ስንናገር እንኳ ልመና የምንለምን ሰዎች ነን።

አክስቴ ደጃፏ ላይ ጠበቀችኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ሱሪው የእኔ አለመሆኑን አየች፣ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ሰበክህ?»

«አልሰበክሁም፣ እቴቴ።»

«ቅቤውስ ደረሰ?»

«ግማሹ።»

ትንሽ ዝም አለች። «እንግዲያው ቅዳሜ ሌላውን ግማሽ ትወስዳለህ» አለችኝ።

መሄዴ ለነገሩ አይቀርም ነበር። ስወጣ እማማ እስከ መንገዱ ሸኝተውኝ፣ የለበስኩትን ሱሪ ጉልበቱ ላይ አራገፍ አራገፍ አድርገው «አጥበህ አምጣው እንግዲህ፤ ሲመጣ ይፈልገዋል» ብለውኛል። አጥቤዋለሁ። ሽቦው ላይ እየደረቀ ነው።